ሃያ ሦስቱ ዜሮዎች

ለውድ ወንድሜ፣ ለእናቴ ልጅ፣ ለአቶ «ለምን?»፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገቤን ጀማምሮኛል ብለህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ ትደገፋለህ? ባለቤትህ ደህና ናት? የልጅህ የፊት ጥርስ በቀለ? አማትህንስ ያ ጉንፋን ለቀቃቸው? እኔ እግሬም እጄም ደህና ይሠራሉ፤ ዓይኔ ብቻ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲሆን ይለግማል። ናፍቆቱን አልነግርህም፤ እሱን ከጀመርኩ ወረቀቱ አይበቃኝም።

እሑድ እሑድ በስልክ እየተያየን የምን ወረቀት ነው እንደምትል አውቃለሁ። የእሑዱ ስልክ እኮ ወንድሜ፣ አንተ «እንዴት ነሽ እትዬ» ትላለህ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እላለሁ፣ ልጅህ ስልኩን ነጥቃ ጣራውን ታሳየኛለች፣ ከዚያ «በይ እንግዲህ» ይመጣል። በዚያ ግርግር መሃል የማይነገር ነገር ይዣለሁ። በስልኬ ልጽፍልህም ሞክሬ ነበር፤ ሁለት መስመር እጽፍና አጠፋዋለሁ። ወረቀት ላይ ግን አንዴ የተጻፈ ተጻፈ። ስጨርስ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ ዛሬውኑ እልክልሃለሁ፣ ዋናው በፖስታ ይከተላል። የቸኮልኩበትን ምክንያት ወደ ታች ታገኘዋለህ። አደራህን ዘለህ ወደ መጨረሻው ገጽ እንዳትሄድ፤ አመልህን አውቀዋለሁ።

ከእኔ ልጀምር። ያው ሆስፒታሉ ስፌት ክፍል ነኝ። የተቀደደ አንሶላ እንሰፋለን፣ የሐኪም ጋውን ቁልፍ እንተክላለን፣ መጋረጃ እናሳጥራለን። ሦስት ነን፤ ኃላፊያችን፣ መቀስ ከአንገታቸው ስለማይወርድ እመት መቀስ የምንላቸው፣ ልብስ የሚተኩሰው፣ ስሙን ከነጭራሹ ረስተን ካውያው የምንለው ሰውዬ፣ ከዚያ እኔ። ሥራ ሲያልቅ ወደ እናታችን ቤት። ሁለት ወንበር አለኝ፤ በአንደኛው እቀመጣለሁ፣ በሌላኛው ላይ ያልታጠፈ ልብስ ይቀመጣል። ሰው ሲመጣ አነሳዋለሁ እል ነበር፤ ልብሱ ግን እዚያው ከረመ። ሬዲዮ እከፍታለሁ፤ የሚለውን ለመስማት ብዬ አይደለም፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ ነው። አንዳንዴ ዜና አንባቢውን «ኧረ ተወኝ እባክህ!» እለዋለሁ። እሱም አይቀየመኝም።

በዚህ መሃል የእኔ ደስታ ያ ጽሑፍህ ነው፤ አንተ ጦማር የምትለው፣ ካውያው ብሎግ የሚለው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ማክሰኞ ታወጣለህ፤ እኔ ከሰኞ ጀምሬ ስልኬን እየከፈትኩ አየዋለሁ። የመጀመሪያው ጽሑፍህ ላይ «እኛ ተመራማሪዎች እርስ በርሳችን ብቻ ስንጻጻፍ ኖርን፤ ከእንግዲህ የደረስኩበትን እናቴ ብትኖር ልታነበው በምትችለው አማርኛ እጽፋለሁ» አልክ። እሷ የለችም፤ እኔ አነበዋለሁ። ለሕዝብ የጻፍከውን ለእኔ እንደተላከ ደብዳቤ ቆጥሬ ነው የማነበው። «ውድ አንባቢያን» ስትል «አቤት» እላለሁ። ስለ በረዶ ጽፈህ፣ ስለ ጤዛ ጽፈህ፣ አፈር ሲርስ ስለሚሸተው ሽታ ጽፈህ፣ መጨረሻ ላይ «ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ» ትላለህ። እኔ ጥያቄዬ «በልተሃል ወይ?» ነው፤ እሱ ደግሞ በሕዝብ ፊት አይጠየቅም።

በሻይ ሰዓት ለሥራ ባልደረቦቼ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የዝናብ ጠብታ በሥዕል እንደምናየው የእንባ ቅርጽ የለውም፣ ትልቁ ጠብታ እንዲያውም ከታች ጠፍጠፍ ያለ ነው ያልክ ጊዜ ካውያው ሳቀብህ። «ወንድምሽ ባሕር የተሻገረው ለዚህ ነው? ለመሆኑ ዝናብ ሲመጣ ዣንጥላ ይይዛል ወይስ ቆሞ ይቆጥራል?» አለኝ። እመት መቀስ ቀና ሳይሉ «አንተ ሃያ ዓመት ሙሉ በእንፋሎት ስትጫወት አንድ ቀን ከየት መጣ ብለሃል? ዝም ብለህ ስማ» አሉት። ዛሬ እሱ ራሱ ሱስ ሆኖበታል። ቀድሞኝ አንብቦ ይመጣና ምንም እንዳላየ ሰው «እስቲ ወንድማችን ዛሬ ምን አለ?» ይላል። ወንድማችን ሆነሃል እልሃለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ያለፈው ወር «የእህቴ ደብተር» ብለህ ጻፍክ። ልጅ ሳለህ የሳይንስ አስተማሪህ የሰጡህን የብርጭቆ ዝናብ መለኪያ ጓሯችን ውስጥ እንጨት ላይ እንዳሰርከው፣ ለትምህርት ርቀህ ስትሄድ ደብተሩንና መለኪያውን ለእኔ እንዳስረከብከኝ፣ እኔም ስድስት ዓመት በየጧቱ በሦስት ሰዓት አንብቤ እንደጻፍኩ፣ በየወሩ መጨረሻም ቅጂውን እንደላኩልህ። ሁሉም እውነት ነው። ከዚያ የአካባቢያችን የመንግሥት መለኪያ ጣቢያ በእነዚያ ዓመታት ተዘግቶ ስለነበር የዚያን ጊዜ ዝናብ የሚናገር የእኔ ደብተር ብቻ እንደሆነ ገለጽክ። በዚያ ደብተር ውስጥም በአንደኛው ዓመት፣ በክረምቱ እምብርት፣ ሃያ ሦስት ቀን ጠብ ያላለበት ሐምሌ እንዳገኘህ ነገርከን። በእሱ ላይ ጥናት እንደሠራህ፣ በዚህ ወር መጨረሻ ለምሁራኑ መጽሔት እንደምትልከው፣ ከዚያ በፊት አስተያየት ያለው ሰው ይናገር አልክ። ታች ደግሞ «ከብዙ ውድ መሣሪያ ይልቅ የማምነው የእህቴን እጅ ነው፤ አንድም ቀን አላጓደለችም» ብለህ ጨረስክ።

እመት መቀስ መቀሳቸውን አውርደው አጨበጨቡ። ሃያ ሰባት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ያቺን መቀስ ለእኔ ብለው አውርደዋት አያውቁም። ካውያው ገጹን ቢሮ ወስዶ አሳትሞ፣ ተኩሶ፣ አዎ ወረቀቱን ተኩሶ፣ ከማሽኔ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። ስለ እኔ በጽሑፍ የተባለ መልካም ነገር በዕድሜዬ ይኸው የመጀመሪያው ነው። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርህም። ሃያ ሦስት የምትለዋ ቁጥር ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ ዘልያት አልፋለሁ።

ፈሪ ስለሆንኩ መጀመሪያ በጓሮ በር ሞከርኩ። ከጽሑፍህ ሥር፣ ሰው አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ፣ «አንዲት አንባቢ» ብዬ «ያን ሐምሌ ዝናብ ነበር፣ አስታውሳለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አንተም መለስክልኝ፦ «ውድ አንባቢ፣ ስለ አስተያየትዎ ከልብ አመሰግናለሁ። የሰው ትዝታ ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ ይደበላለቃል፤ መዝገቡ ግን በዕለቱ በታማኝ እጅ የተጻፈ ነው። ማስረጃ ካለዎት ግን በደስታ እቀበላለሁ።» ጨዋ ልጅ ነህ፤ አስተዳደጋችን ጥሩ ነው። ግን ወንድሜ፣ አንተ እኔን «እርስዎ» ስትለኝ የተሰማኝን ነገር ልነግርህ አልችልም። በመንገድ አልፈኸኝ የሄድክ መሰለኝ። ከሥር አንዱ «እማማ፣ ትዝታ እኮ ሳይንስ አይደለም» ብሎ ቀለደ። ሌላው ደግሞ «የእህቱን እጅ በዓይኔ አይቼ የማውቅ እኔ ነኝ፤ ይቺን ሴትዮ ዝም አሰኙልን» ብሎ ጻፈ። ማን ይመስልሃል? ካውያው! በማግስቱ ሻይ እየጠጣን «አንዷን ነገረኛ ልክ አስገባሁልሽ» ብሎ ነገረኝ። አመስግኜው ወደ ማሽኔ ተመለስኩ።

እንግዲህ ስማኝ። ያ ሐምሌ ደረቅ አልነበረም። እነዚያን ዜሮዎች የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ።

ሐምሌ ስምንት ጧት፣ ገና መለኪያውን ሳላነብ፣ እማዬ ጓሮ ውስጥ ሆዷን ይዛ ወደቀች። በጎረቤት መኪና ወደዚሁ ሆስፒታል አመጣናት። አንጀቷ ተጠማዝዞ ነበርና በዚያው ዕለት ቀዶ ጥገና ተደረገላት። እስከ ሐምሌ ሠላሳ ተኛች፣ እኔም ከአልጋዋ ሥር ምንጣፍ ዘርግቼ ከረምኩ። ቤቱ ተቆልፏል፤ ስለ መለኪያ ማን አስቦ። ዝናቡ ደግሞ ዝናብ እንዳይመስልህ! የሴቶቹ ክፍል ጣራ ያፈስ ነበር፤ የእማዬን አልጋ ሁለት ጊዜ አንቀሳቀስን፣ በመጨረሻ አልጋውን ትተን ባልዲውን ማንቀሳቀስ ያዝን። እዚያው ሆኜ ሥራ ስፈታ የእማዬን የተተረተረ አንሶላ በመርፌ ሰፋሁት፤ ከዚያ የጎረቤት አልጋዋን ሴትዮ፣ ከዚያ የማዶዋን። አንድ ቀን እመት መቀስ ሊያልፉ ሲሉ ቆሙና «ይህን ማነው የሰፋው?» አሉ። የእንጀራዬ ነገር እንዲህ ነው የተጀመረው፤ አንተ ግን ሥራውን ማስታወቂያ አይቼ ያገኘሁት ይመስልሃል።

አንተ በዚያ ሰሞን ለውጭው የትምህርት ዕድል ፈተና እየተዘጋጀህ ነበር፤ ፈተናው ነሐሴ መሃል። እማዬ ከሰመመኗ ስትነቃ መጀመሪያ የተናገረችው ስለ ሕመሟ አልነበረም። እጄን ይዛ «ይህ ልጅ ከሰማ ጥሎት ይመጣል፤ ከመጣ ደግሞ አይመለስም። ብትነግሪው ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ነሐሴ አንድ ቀን ቤት ስንገባ መለኪያው እስከ አፉ ሞልቶ እንጨቱ ላይ ይፈስ ነበር። የወሩን ቅጂ ልልክልህ ይገባል። ሳጥኖቹን ባዶ ብተዋቸው ጥያቄ ታመጣለህ፤ አንተ «ለምን?» ማለት ከጀመርክ ደግሞ እኔ መደበቅ እንደማልችል ታውቃለህ። ቁጥር ልፍጠር አልኩ፣ እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ አራት ነጥብ ሦስት ብዬ ከየት አምጥቼ ልጻፍ? ዜሮ ትንሹ ውሸት መሰለኝ። ውኃውን ጓሮ ውስጥ ደፋሁትና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ሃያ ሦስት ዜሮ ጻፍኩ፤ አንድ ዓይነት እንዳይመስሉ አንዳንዱን ሰፋ፣ አንዳንዱን ጠበብ እያደረግሁ። አንተም «ጎበዝ እትዬ፣ እንዲህ ያለ ሐምሌ አይቼ አላውቅም» ብለህ መለስክ። ተፈተንክ፣ አለፍክ፣ ሄድክ። እማዬ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ኖራለች፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ወደ እኔ ዞራ «ዝናብ ያስቆምን እኔና አንቺ ነን እኮ» እያለች ትስቅ ነበር። ጠባሳዋንም ያየ ከእኔ በቀር ማንም የለም።

ለለቅሶዋ የመጣህ ጊዜ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ግን ያን ዕለት «አንድም ቀን ታማ አላስታመምኳት» ብለህ አለቀስክ። በዚያ ላይ ይህን እንዴት ልጨምርብህ? ደብተሩን ሻንጣህ ውስጥ ስትከተው ለማስታወሻ ነው ብዬ ዝም አልኩ። የሣር ሥዕል ያለበት የልጆች ደብተር ለምሁራን ማስረጃ ይሆናል ብዬ መች በሕልሜ አየሁት?

አንዳንዴ ብቻዬን ስቀመጥ አስበዋለሁ። ያኔ ባዶውን ባዶ አድርጌ ብተወው ትጠይቀኝ ነበር፤ ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር፤ ብነግርህ ትመጣ ነበር። ይሄኔ የአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነህ፣ ሁለተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ሬዲዮው ምን እንደሚል ትተችልኝ ነበር። አንተን ያሻገረህ ፈተናው ብቻ አይደለም፣ የእኔም እጅ አለበት። አልጸጸትም ወንድሜ፤ የሆንከውን ሆነህ ሳይህ ደስ ይለኛል። ቢሆንም ከዚያ የተረፈው ጸጥታ የሚያድረው ከእኔ ጋር ነው።

ማስረጃ ካለዎት ብለህ የለ? አለኝ። የእማዬ የሆስፒታል ካርድ የገባችበትና የወጣችበት ቀን ከነማኅተሙ አለ፤ ከሣጥኗ አውጥቼዋለሁ። ከዚያም የጥገና ክፍሉን ሠራተኛ ለምኜ አሮጌ መዝገባቸውን አገላበጠልኝ። ሐምሌ አሥራ አንድ፣ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ እና ሃያ ስድስት «የሴቶች ክፍል ጣራ ዝናብ አስገብቷል» ተብሎ ተጽፏል፤ የሁሉንም ፎቶ አብሬ እልካለሁ። ስንት ሚሊ ሜትር እንደዘነበ አይነግርህም፤ ዜሮ እንዳልነበረ ግን ይነግርሃል።

ከእነዚያ ቀኖች በቀር ደብተሩ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ትኩሳት ይዞኝ እየተንቀጠቀጥኩ ያነበብኩበት ቀን አለ፤ ቁጥሩ ጠማማ ነው፣ ግን እውነት ነው። አንድ ቦታ የተበላሸ መዝገብ ሙሉው ይጠረጠራል፣ አንዳንዴም ሙሉው ይጣላል ብለህ አንዴ ጽፈሃል፤ ያን ሳነብላቸው የስፌት ክፍሉ ሁሉ «ልክ ነው» ብሏል፣ እኔም ልክ ነው ብያለሁ። እንግዲህ የስድስት ዓመት ጧቶቼን ትጥላቸው እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የአንተ ዕውቀት ነው፣ ፍርዱን ለአንተ ትቻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፦ ጥናቱን ከመላክህ በፊት አቁመው፤ ስሜን ለማዳን ብለህ ደግሞ «መጠነኛ ስህተት ተገኝቷል» በምትል ቃል እንዳታልፈው። ያመሰገንከኝ እዚያ ሕዝብ ፊት ነው፤ እዚያው ሕዝብ ፊት እህቴ ናት ያደረገችው በል። ያንተን ጽሑፍ አምኖ የሚያነብ ሰው አለ፤ ካውያውን የሚያህል ተጠራጣሪ እንኳ አምኖሃል። እሱንና እመት መቀስን ነገ በሻይ ሰዓት እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ግድግዳው ላይ ያለችውንም ወረቀት በእጄ አነሳታለሁ።

ለባለቤትህ ጉንጯን ስመህ ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝን ሹራብ ሥራ ቦታ ለብሼው ሁሉም ዓይኑን ጥሎበታል። አማትህን ከአልጋ ሲነሱ ቀስ ይበሉ በላቸው። ለልጅህ አክስትሽን በጣም ናፍቀሻታል በላት፤ ይህንንም ነገር ካደገች በኋላ አንተው ንገራት፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። እመት መቀስ «ጎንበስ ብሎ አይጻፍ፣ ለወገቡ ነው» ብለውሃል። ካውያው ትናንት ሰላም ብሎሃል፤ ነገ የሚልህን አላውቅም።

እናታችን ከሞተች ወዲህ ሌላ ሰው ያላነበበው የአንተ ጽሑፍ አንድም የለኝም። ብትቆጣም ግድ የለም፤ ቁጣውን ለእኔ ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ

ከእናታችን ቤት
እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን